አንገተ ረጅሙ እግሩን የት ያሳርፍ

ሐሙስ

«ስሜን ከጨዋታው አውጪው» አለኝ ዮናስ። የጨዋታውን መቆጣጠሪያ፣ ሻላቱን፣ ሶፋው ላይ አስቀመጠ፣ ጫማውን አደረገ፣ ወጣ። ማሰሪያውን ሲያስር እንኳ አልቸኮለም። ያስፈራኝ ይሄ ነው። የተናደደ ሰው ማሰሪያው እየተጎተተ ነው የሚወጣው።

ሻላቱ አሁንም ሶፋው ላይ ነው። ትንሿ መብራቱ ብልጭ ትላለች፣ ትጠፋለች። ተጫዋች እየጠበቀች።

ረጋ ብዬ ልጻፈው። ዮናስ የአክስቴ ልጅ ነው። ወደብ ላይ ክሬን ይነዳል፤ በተረፈው ጊዜ ዳይኖሰር ይሥላል። እኔ ቀን ቀን የሌሎችን ፕሮግራም እየፈተሽኩ ደመወዝ እበላለሁ፤ ከሥራ ስመለስ የራሳችንን እጽፋለሁ። ከጀመርን ሁለት ዓመት ሆነን። አንድ ጨዋታ፣ ሁለት ተጫዋች፣ አንድ ስክሪን። አንዱ ተጫዋች አንገተ ረጅሙን ይይዛል፤ ቅጠል በል ነው፣ ወንዝ መድረስ አለበት። ሌላው ጥርሳሟን ይይዛል፤ እግር እግሩን እየነከሰች ታስቀረዋለች። የዛሬ ሳምንት በማትናሱ፣ በሰፈሩ ሕዝብ ማዕከል፣ አዳራሽ፣ ከሌሎች የከተማው ጌም ሠሪዎች ጋር፣ ለሕዝብ እናሳያለን። የተመረጠ የሚሠራበት ክፍል ያገኛል። እኛ አሁን የምንሠራው እኔ ሳሎን ነው፣ የልብስ ማስጫው አጠገብ።

ችግሩ መጠኑ ነው። አንገተ ረጅሙ በእውነቱ ሃያ አምስት ሜትር ገደማ ነው። ጥርሳሟ ከዶሮ ብዙም አትበልጥም። እሱ ሙሉ እንዲታይ ካሜራውን ወደ ኋላ ስስበው እሷ ነጥብ ትሆናለች። ወደ እሷ ሳስጠጋው ከእሱ የሚታየው ጥፍር ብቻ ነው። ጅራቱን አንዴ ካወዛወዘ ደግሞ ጨዋታው አለቀ። ማን ሁለተኛ ይጫወታል?

ስለዚህ አሳነስኩት። የበሬ ያህል አደረግኩት። ጓደኞቼ ሲጫወቱ አንዴ እሱ፣ አንዴ እሷ እያሸነፉ አመሹ። ሚዛኑ ተስተካከለ። ደስ ብሎኝ ለዮናስ አሳየሁት።

ለረጅም ጊዜ አየው። «ይሄ አንገት የተቀጠለለት በሬ ነው» አለ።

ሜትር ይዞ የሚመጣ ሰው የለም አልኩት።

«እኔ እመጣለሁ።»

ከዚያ ነው ስሜን አውጪው ያለኝ።

የሚያስጨንቁኝ፦
ያለ ዮናስ ሥዕል የለም።
ያለ ሚዛን ጨዋታ የለም።
አክስቴ ለአባዬ ትደውላለች።
ምናልባት ዮናስ ልክ ነው።

ዓርብ

ሜትር ይዞ መጣ።

ጠዋት ከታች ጫጫታ ሰምቼ በመስኮት አየሁ። ዮናስ ከሌሊት ፈረቃው፣ ከሚሽመሬቱ፣ እንደወጣ፣ አንጸባራቂውን የሥራ ሰደርያ እንደለበሰ፣ የሕንፃችን መኪና ማቆሚያ ላይ ተንበርክኳል። ገመድ ዘርግቷል። ኖራ በእጁ ነው። ጎረቤቶች ለሰንበት የገዙትን ዕቃ እንደያዙ ቆመው ያዩታል።

በፒጃማ ወረድኩ።

መሬቱ ላይ አንገተ ረጅሙን በሙሉ ልኩ ሥሏል፤ ራሱ ከቆሻሻ ገንዳዎቹ ጋ ይጀምራል። አንገቱ ይሄዳል፣ ይሄዳል፣ ሰው እስኪሰለቸው ይሄዳል። ሆዱ የአካል ጉዳተኞችን መኪና ማቆሚያ ይዞ አልጠገበም። ጅራቱ በቆሙት መኪኖች ሥር ገብቶ በቦምብ መጠለያው በር በኩል ብቅ ይላል። የቫዓዱ፣ የሕንፃው ነዋሪዎች ኮሚቴ፣ ኃላፊ፣ ከሩሲያ የመጣች፣ ቁልፍ እንደ መቁጠሪያ አንገቷ ላይ የማይለያት ሴት፣ ይሄንን ማን ያጥበዋል ብላ ጠየቀች። እሑድ ጠዋት እንዳላየው አለች። ከዚያ ዓይኑ የት እንደሆነ ጠየቀች። ዮናስ አሳያት። ሄዳ አየችው። «ትንሽ ነው» አለች፣ ያዘነችለት ይመስል።

ዮናስ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። «አሁን አሳንሺው» አለኝ፣ ሄደ። ሮቫ ቴት ቫቭ የሚባል ሰፈር ነው የሚኖረው፤ አውቶቡሱ እስኪመጣ ጀርባውን ሰጥቶኝ ቆሞ ነበር። ላናግረው እችል ነበር። በፒጃማ መሆኔን ምክንያት አደረግኩ።

ሰዉ ሲበተን የሥዕሉ የፊት እግር ውስጥ ገብቼ ቆምኩ። ሁለት እግሬን ገጥሜ። ቦታ ተረፈ።

እኔ አውቶቡስ ውስጥ ትከሻዬን የምሰበስብ ሰው ነኝ። ስብሰባ ላይ ወንበሬን ወደ ኋላ እስባለሁ፣ ማንም ሳይለኝ። ማሳነስ እችልበታለሁ። ከራሴ ነው የተማርኩት። እዚያ እግር ውስጥ ቆሜ ግን፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ሳቄ መጣ።

ቅዳሜ፣ ሰንበት ከወጣ በኋላ

አንድ ነገር ብቻ። ጠዋት ከመስኮት አየሁ። ወደ ጸሎት ቤት የሚሄዱት ሽማግሌዎች፣ አባዬም አብረው፣ ሥዕሉን ዞረው አለፉ። አቋራጩ በሆዱ ላይ ነው። ማንም ምንም አላላቸውም።

እሑድ

ለዮናስ ደወልኩ። አያነሳም። መልእክት ላክሁ። «ሚሽመሬት ላይ ነኝ» ብሎ መለሰ።

የዝሆን ያህል አድርጌ ሞከርኩ። ለእውነቱ ትንሽ ነው፣ ለሚዛኑ ትልቅ ነው። ግማሽ ግማሽ ሳደርገው ሁለቱም ተበላሹ።

የቫዓዷ ሴት በር አንኳኳች። ሥዕሉ አልታጠበም። ይታጠባል አልኩ። ባልዲ ይዤ ወረድኩ፤ ባልዲውን ይዤ ተመለስኩ። ዓይኑን እንዴት ልጠበው?

አክስቴ ለአባዬ ደውላለች። አባዬ ምን እንደተባባልን አልጠየቁኝም። ደረጃው ላይ ሲያገኙኝ «የአክስትሽ ልጅ ወንድምሽ ነው» አሉ፣ ወደ ቤታቸው ገቡ።

ሰኞ

ምንም ውጤት የሌለው ፈተና። ግን ሆዴን እስኪያመኝ ሳቅሁ። ከመጀመሪያው ልጀምር።

ማዛ የወንድሜ ሚስት ናት። ሰኞ ሰኞ ከክሊኒክ ሥራዋ ስትወጣ የአባዬን መድኃኒት ታመጣለች። አባዬ ከእኔ አንድ ፎቅ ዝቅ ብለው ነው የሚኖሩት። ጨዋታውን የማያውቁ እጆች ያስፈልጉኝ ነበር፤ ጓደኞቼ ሸምድደው ጨርሰውታል። ዕቅዴ ተንኮል ነበረበት። መጀመሪያ አንገተ ረጅሙን በእውነተኛ ልኩ ይጫወቱታል፣ ይሰለቻሉ። ከዚያ በበሬው ይጫወታሉ፣ ይስቃሉ። ሁለቱንም በስልኬ ቀርጬ ለዮናስ እልካለሁ። ይኸው፣ ፍረድ፣ እላለሁ።

ኮምፒውተሩን አወረድኩ። አባዬ ሻላቱን እንደ ትኩስ ብርጭቆ በጣታቸው ጫፍ ያዙት። አንገተ ረጅሙን ሰጠኋቸው። ለማዛ ጥርሳሟን። ማዛ አባዬ ተቀመጪ እስኪሏት ቆማ ነበር፤ ሁለተኛ ሲሏት ነው የተቀመጠችው።

ጀመርኩ። ምንም የሚንቀሳቀስ የለም። ቅጠሉ ይወዛወዛል፣ ሁለቱ እንስሳት ፊት ለፊት ቆመዋል። ፕሮግራሙ የቆመ መሰለኝ። ጎንበስ ብዬ ገመዶቹን ነካካሁ። ደህና ናቸው። አጥፍቼ አስነሣሁት። እንደገና ቆሙ።

ቀና ስል ገባኝ። ማዛ አማቷ እስኪያልፉ እየጠበቀች ነው። አባዬ ደግሞ ትንሿ እስክታልፍ እየጠበቁ ነው። ሊፍት ሲመጣም እንዲሁ ናቸው። እርስዎ ይግቡ፣ አንቺ ግቢ ሲባባሉ ሊፍቱ ዘግቶ ይሄዳል።

ማዛን እንድትነክስ ነገርኳት። ዞር ብላ አየችኝ።

«አባባን ልንከስ?» አለች በሹክሹክታ።

ምራት አማቷን በስክሪንም ቢሆን አትነክስም። እዚህ ቤት ተወልጄ፣ እዚህ ቤት አድጌ፣ ይሄንን የሚያህል ነገር ረስቼ ፈታኝ አደረግኳቸው። ዝም ብለሽ ሂጂ አልኳት። ሄደች። በሆዱ ሥር ገባች፣ ነጥብ ሆነች፣ ጠፋች።

አባዬ ደነገጡ። «የት አለሽ? ልረግጥሽ ነው።»

«በግራ እግርዎ በኩል ነኝ አባባ።»

«የፊቱ ነው የኋላው?»

«የፊቱ። አሁን አያንሡት። ቆይ። አሁን።»

አነሡት። እግሩ በአየር ላይ ቆየ። አባዬ ትንፋሻቸውን ያዙ፤ የራሳቸው ግራ እግርም ከምንጣፉ ትንሽ ከፍ ብሎ ነበር። ማዛ በየት በኩል እንዳለች ትናገራለች፣ እሳቸው ያሳርፋሉ። እንደገና ያነሣሉ። አንገቱ ላይ ሆነው መሬቱ አይታያቸውም፤ እሷም ከታች ሆና ወንዙ አይታያትም፤ እሳቸው በስተቀኝ ነው ይሏታል። ማዛ በዚህ ቤት ስድስት ዓመት ምራት ሆና አባዬን ይሄን ያህል ስታናግር ሰምቼ አላውቅም። ኧረ ወዲያ፣ ኧረ ወዲህ፣ ቀስ ይበሉ ብዬዎታለሁ። ታዛቸዋለች! እሳቸው እሺ ይላሉ።

ወንዙ ደረሱ። ውሃው ሲታይ ሁለቱም እኩል ተነፈሱ። አባዬ ባርኔጣቸውን አውልቀው ግንባራቸውን ጠረጉ።

«ማን አሸነፈ?» አሉኝ።

የተነከሰ የለም። የተሸነፈ የለም። በበሬው አጫወትኳቸው፤ አባዬ አልፈለጉትም። ያኛው ትልቁ የት ሄደ አሉ። ስልኬን ሳየው ለካ መቅረጫውን አልተጫንኩትም።

ማክሰኞ

ጥርሴን እየፋቅሁ ሳለ መጣልኝ። ብሩሹ አፌ ውስጥ እንዳለ ወደ ሳሎን ሮጥኩ። ሮጬም ምን ላደርግ እንደሆነ አላውቅም። ሻላቱን አየሁት።

ሚዛኑ ጠፍቶ አያውቅም። እኔ ጥርስ ላይ ፈለግሁት። እሱ እግሩ ላይ ነው ያለው። ያን የሚያህል እንስሳ ጠላት አያስፈልገውም። መራመድ ራሱ ጭንቁ ነው። መሬቱን ጎጆ፣ እንቁላል፣ ጫጩት ብናደርገው? እሱ አያይም። እሷ ታያለች። እሷ ከሌለች ይደፈጥጣል፤ እሱ ከሌለ መንገዱን አታውቅም። አንድ ክንድ እንኳ ማሳነስ አያስፈልግም። እንዲያውም በትንሹም ቢያንስ ይበላሻል።

ወይም ሁሉም ሞኝነት ነው። አባቴና ምራታቸው ተግባቡ ብዬ ሌላው ሰው ይጫወተዋል?

ከሥራ ፈቃድ ጠየቅሁ። ወደ ሮቫ ቴት ቫቭ ሄድኩ። አውቶቡስ ውስጥ የምናገረውን ሳዘጋጅ አንድ ሰው አፌ ሲንቀሳቀስ አይቶ ወንበሩን ቀየረ።

ዮናስ ዓይኑን እያሸ በሩን ከፈተ። ያዘጋጀሁት ሁሉ ጠፋኝ። ስለዚህ አባዬን ሆኜ አሳየሁት። ሻላት አያያዛቸውን፣ ከምንጣፉ ከፍ ያለውን እግር፣ የት አለሽን። ከዚያ ማዛን ሆንኩ። «አባባን ልንከስ» ስል ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ። ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቅሁ። አላለቀም። አብሬው ቁጭ አልኩ።

ሲረጋጋ እንዲህ አለኝ። «ትልቅ ነገር ማንሣት ቀላል ነው። ማስቀመጥ ነው ሥራው። እኔ እዚያ ላይ ሆኜ ኮንቴነሩ የት እንደሚያርፍ ሁልጊዜ አይታየኝም። ከታች አንድ ሰውዬ አለ። በሬዲዮ ትንሽ ወደ ግራ፣ ቆይ፣ አውርድ ይለኛል። ቀኑን ሙሉ ሥራዬ ይሄ ነው።»

ታዲያ ሁለት ዓመት ሙሉ ለምን አልነገርከኝም አልኩት።

«መቼ ስለ ወደቡ ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ?»

እውነት ነው። ስለ ዳይኖሰር እንጂ ስለ ክሬን አንድም ቀን ጠይቄው አላውቅም። አሁን ጠየቅሁ። ነገሩ በዝቶ ሻይ ሁለት ጊዜ ፈላ። ሸክሙ በገመዱ ላይ ሲወዛወዝ ምን እንደሚያደርግ፣ ነፋስ ሲነሣ፣ መሬት ሊነካ ስንዝር ሲቀረው እጁ እንዴት እንደሚከብድ። እየተናገረ በእጁ ያሳያል። የእጁን አወራረድ አየሁ። የአንገተ ረጅሙ እግር እሱ ነው።

ልሄድ ስል ስምህስ አልኩት።

«እግሩን ካየሁ በኋላ» አለ።

ረቡዕ

ፈጣን ዝርዝር።

ንክሻ ወጣ። ሁለት ዓመት የለፋሁበት ንክሻ። አንድ ቁልፍ ተጭኜ አጠፋሁት፣ ለቅሶ አልተቀመጥኩም።
ጎጆዎች ገቡ። ዮናስ እንቁላሎቹን እየሣለ በስልክ ይልካል።
እግሩ ከማረፉ በፊት ጥላው ይቀድማል። ጥሩ።
ጥርሳሟ አትናከስም፣ ትጮኻለች። የጩኸቱ ድምፅ የማዛ ነው። በስልኳ ቀርጻ ላከችልኝ፣ ክሊኒክ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሆና። አንድ በሽተኛ በሩን አንኳኩቶ ደህና ነሽ ወይ አላት።
አንገተ ረጅሙ ሙሉ ልኩ ነው። ከራስ እስከ ጅራት።

ያልሆነው፦ እግሩ ቶሎ ይወርዳል። ሦስት ጊዜ ቀየርኩት። አሁንም እንደ በር ነው የሚዘጋው። ዮናስ ሚሽመሬት ላይ ስለሆነ አያየውም። የእጁን አወራረድ እያስታወስኩ በእጄ አየር ላይ ደጋገምኩት። አራተኛው ላይ የሆነ ነገር ተሰማኝ። ክብደት። ወይም ድካም ይሆናል።

መክፈቻው ገጽ ላይ አሁንም አንድ ስም ብቻ ነው ያለው። የእኔ። እንዲህ ብቻውን ሲታይ የተረሳ ዕቃ ይመስላል።

ማንም የማያሸንፍበት ነገር ጨዋታ ይባላል? ነገ።

ሐሙስ

አዳራሹ ሞቃት ነበር። የእኛ ጠረጴዛ ጥግ ላይ፣ ከመፀዳጃው በር አጠገብ። ዮናስ አልመጣም፤ ከሚሽመሬት ወጥቼ እደርሳለሁ ብሏል። አባዬ ሙሉ ልብስ ለብሰው መጡ፣ ማዛ አንድ እርምጃ ከኋላቸው። አባዬ አጠገቤ ወንበር ይዘው እንደ ሠርግ አስተናጋጅ የሚያልፈውን ሁሉ ራሳቸውን ዝቅ እያደረጉ ሰላምታ ሰጡ።

ለረጅም ጊዜ የቆመ ሰው የለም። ከጎናችን ያለው ጠረጴዛ ላይ መኪና ይጋጫል፣ ሰዉ እዚያ ነው። ትከሻዬን ሰብስቤ ተቀመጥኩ።

ከዚያ የቫዓዷ ሴት መጣች፣ ከነቁልፎቿ። ወደ እኔ ቀጥ ብላ ስትመጣ ስለ ባልዲው መሰለኝ። «የእኔ የመኪና ማቆሚያ እንስሳ የቱ ነው?» አለች። ሻላት ሰጠኋት፣ የትንሿን። ለትልቁ ሰው አጣሁ። አንድ ወታደር ልጅ፣ ቦርሳው ጀርባው ላይ እንዳለ፣ ከመፀዳጃ ሲወጣ በእጅጌው ያዘችው። ቁጭ በል አለችው። ተቀመጠ።

የመጀመሪያው እርምጃ ላይ ጎጆ ረገጠ። «ውይ!» አለች የቫዓዷ ሴት፤ ከኋላ የሚያልፉ ሁለት ሦስት ሰዎችም ዞሩ። ወታደሩ ቀላ። «ስሊሓ» አለ ለስክሪኑ። ይቅርታ ጠየቀ፣ ለእንቁላል!

«ወደ ግራ። ግራ አልኩህ። በየትኛው ሠራዊት ነው ግራ የማይታወቀው?»

«አንቺ የት እንዳለሽ አላይም።»

«ስለዚህ ነው የምነግርህ። ስማኝ።»

ሰማት። ጥላው ወደቀ፣ እግሩ ቀስ ብሎ ወረደ፣ በሁለት ጎጆዎች መካከል አረፈ። አንድ ሰው አጨበጨበ። ቀና ስል ጠረጴዛችን ዙሪያ ሰው ቆሟል። የመኪናው ግጭት ጸጥ ብሏል።

ዮናስ ከሰዎቹ ኋላ ነበር። አንጸባራቂ ሰደርያው እንዳለ። መቼ እንደገባ አላየሁም። ስክሪኑን ሁሉ አይደለም የሚያየው፣ የእንስሳውን እግር ብቻ ነው። አንገተ ረጅሙ ሲያነሣ የዮናስ አገጭ ከፍ ይላል፣ ሲያሳርፍ ዝቅ። ወንዙ ሊደርሱ ሁለት እርምጃ ሲቀራቸው ወታደሩ ቸኮለ፣ ጎጆ ደፈጠጠ፣ ጨዋታው አለቀ። የቫዓዷ ሴት በሩሲያኛ የሆነ ነገር አለችው፤ ትርጉም አያስፈልገውም። እንደገና፣ አለች። ወታደሩ ቦርሳውን አወለቀ።

ያኔ ገባኝ። መሸነፍ ይቻላል። አብሮ ነው እንጂ።

ከእነሱ በኋላ ወረፋ ነበር። አንዳንዶቹ ደረሱ፣ ብዙዎቹ ረገጡ። ወረፋው ሲያልቅ ዮናስ መጥቶ በኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠ። መክፈቻውን ገጽ ከፍቶ ከእኔ ስም ሥር ስሙን ጻፈ። ከዚያ ፊደሉን አሳደገው። ከእኔ እጥፍ እስኪሆን አሳደገው።

ምንድን ነው ይሄ አልኩት።

«እውነተኛ ልኩ ነው» አለ።

ክፍሉን ማን እንዳገኘ አልተነገረም። በሚመጣው ሳምንት ይደውላሉ። ላይደውሉም ይችላሉ። የመኪናው ጨዋታ የሚያምር ነበር። አባዬ ስንወጣ ታዲያ ማን አሸነፈ አሉኝ፤ ገና ነው አልኳቸው፤ ጥሩ ነው አሉ።

የቫዓዷ ሴት አብራን ተመለሰች። ስለ ሥዕሉ አነሣሁላት፣ ነገ አጥበዋለሁ አልኩ። «ዝናብ ያጥበው» አለች።

መኪና ማቆሚያው ላይ መብራት በርቶ ነበር። ጅራቱን ጎማ ጨርሶታል። አንገቱ ከመሐሉ ተቋርጧል። የፊት እግሩ ግን ሙሉ ነው። አባዬ ዞረው አለፉ፣ ማዛ ተከተለቻቸው፣ ዮናስ ተከተላቸው። እኔ ኮምፒውተሩን ታቅፌ ከኋላ ቀረሁ። ክንዴ ዝሏል። ወደ በሩ ቅርቡ መንገድ በእግሩ ላይ ነው።

እኔም ዞሬ አለፍኩ።